ደጃፍ የማን ነው?

ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ብዙ ነገር ያስባል። ስለ መሠረቱ ጥልቀት፣ ስለ ጣራው ቆርቆሮ፣ ስለ ሳሎኑ ስፋትና ስለ ማድ ቤቱ ጢስ መውጫ ከቤተ ሰቡ ጋር ይመክራል፤ ከግንበኛውም ጋር ይከራከራል። የግቢው በር ነገር ሲነሣም የብረቱን ውፍረት፣ የቀለሙን ዓይነትና የቁልፉን ጥንካሬ አጥብቆ ይጠይቃል። ከበሩ ወዲያ ስላለችው፣ ስፋቷ ከሁለትና ከሦስት ሜትር ስለማይበልጠው ደጃፍ ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። ይህች ደጃፍ ቤቱና ሕዝቡ የሚገናኙባት ቦታ ስለሆነች፣ ባለቤቷ ማን እንደሆነና ማንም ሰው እንደ ወደደ ሊያደርጋት ይችል እንደሆነ፣ በሥራዬ ላይ ባገኘሁት ልምድ መጠን ለአንባብያን ላመለክት አስቤአለሁ።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ፈጽሜ በመንግሥት ሥራ ከተቀጠርሁ ጀምሮ፣ የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቁ ሰዎችን ማመልከቻ የምቀበል፣ ፋይላቸውን የማደራጅና የመሐንዲሶቹን ውሳኔ ለባለ ጉዳዩ የማስታውቅ ጸሐፊ ነኝ። ፕላን ማንበብን የተማርሁት ከትምህርት ቤት ሳይሆን በየቀኑ በጠረጴዛዬ ላይ ከሚያልፉት ወረቀቶች ነው። ውሳኔውን የሚሰጠው መሐንዲሱ ቢሆንም የባለ ጉዳዩን ፊት የሚያየው ጸሐፊው ነውና፣ ስለ ደንቡ የምናገረው ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

በአባቶቻችን ዘመን የግቢ አጥር ቅንጭብ ወይም እሾህ ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ ከውስጥ ያለው የውጩን፣ ከውጭ ያለውም የውስጡን ያያል። ከግቢው የምትወጣው በቅሎም የኮቴዋ ድምፅ አስቀድሞ ይሰማል፤ የተቀመጠባት ሰው ባያይ እንኳ እርሷ ራሷ አይታ ትቆማለች። ዛሬ ግን አጥራችን ከሰው ቁመት በላይ ከፍ ያለ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግንብ ሆኗል። በሩም ድፍን ብረት ነው። ከዚያ የሚወጣው ደግሞ ክብደቱ አሥር ኩንታል ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ መኪና ነው። አጥሩና የሚወጣው ነገር ሲለወጡ የደጃፍ ልማዳችን ግን እንደ በቅሎው ዘመን ቀርቷል።

የነገሩን አደገኛነት ለመረዳት ትልቅ ሒሳብ አያስፈልግም። ነጂው በመሪው ፊት ሲቀመጥ ዐይኑ ከመኪናው አፍንጫ ከ2 ሜትር በላይ ወደ ኋላ ይርቃል። ስለዚህ ግንቡ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ይዞ ከቆመ፣ ነጂው ግራና ቀኙን ማየት የሚጀምረው መኪናው በእግረኛው መንገድ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ወደ ኋላ እየነዳ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ሕፃን ከመኪናው በስተኋላ ቢያልፍ ጨርሶ ላይታየው ይችላል። በመንገዱ ላይ ስለሚመጣውም እናስብ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንዲት ሴኮንድ ወደ 14 ሜትር ይሄዳል። ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ አንድ ሴኮንድ ተኩል ያህል ያልፋል፤ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላም መኪናው ወዲያው አይቆምም። በዚህ ምክንያት በደረቅ አስፋልት እንኳ ለመቆም 35 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቀስ ብሎ የሚታጠፈውም ቢሆን 10 ሜትር ያህል ይፈልጋል። እንግዲህ የግቢው በር ከመታጠፊያው 5 ሜትር ላይ ተሠርቶ ከሆነ፣ ታጥፎ የሚመጣው ነጂ ለመቆም ቦታውን ከየት ያገኛል?

እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት፣ በመንገድ ዳር ካለ ይዞታ ወደ መንገድ የሚወጣ ነጂ በመንገዱ ላይ ለሚጓዙት ተሽከርካሪዎች ቅድሚያ እንዲሰጥ ያዝዛል። ይህ ትክክለኛ ትእዛዝ ነው። ነገር ግን ሰው ላላየው መንገደኛ ቅድሚያ ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ ነጂው ሕጉን እንዲፈጽም ከተፈለገ፣ አስቀድሞ ግንበኛው ሕጉ የሚፈጸምበትን በር መሥራት አለበት። በየአገሩ ያሉ ከተሞች ስለ መኪና መግቢያ ደንብ የሚያወጡበትም ምክንያት ይኸው ነው።

የእነዚህ ደንቦች ቍጥር ከከተማ ከተማ ይለያይ እንጂ አሳባቸው ተመሳሳይ ነው። በሩ ከመንገድ መታጠፊያ ይራቅ ይላሉ፤ ከላይ በተናገርነው ምክንያት ነው። በሩ ከአጥሩ መሥመር ወደ ውስጥ ገባ ይበል ይላሉ፤ በሩ እስኪከፈትለት ጥሩምባ እየነፋ የሚጠብቀው መኪና ጎዳናውን እንዳይዘጋ ነው። ከበሩ ግራና ቀኝ ያለው ግንብ ዝቅ ይበል፣ ወይም ማዕዘኑ ይቆረጥ፣ ወይም በሚያሳይ የብረት ፍርግርግ ይተካ ይላሉ፤ ነጂውና እግረኛው እንዲተያዩ ነው። የበሩ መዝጊያ ወደ ውስጥ ይከፈት ወይም ይንሸራተት ይላሉ፤ ወደ ውጭ የሚከፈት ብረት የአላፊውን ፊት ይመታልና። መወጣጫውም በግቢው ውስጥ እንጂ በሕዝብ መንገድ ላይ አይሠራ ይላሉ።

ይህ የመጨረሻው ቃል ለአዲስ አበባ ይበልጥ ይሠራል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ከሚበልጠው ከእንጦጦ ተነሥታ 2 ሺህ 1 መቶ ሜትር ገደማ ወዳለው ወደ አቃቂ የምትወርድ ናት። በብዙ ሠፈሮች ግቢው ከመንገዱ ወይ ከፍ ይላል ወይ ዝቅ ይላል። ባለ ቤቱ በግቢው ውስጥ ቦታ ላለማጥፋት ሲል ሲሚንቶውን ወደ ውጭ ያፈስሳል፤ የእግረኛው መንገድም በአንዱ ደጃፍ ጉብታ፣ በሌላው ጉድጓድ ይሆናል። ጤነኛው ሰው ዘልሎ ያልፋል። ዐይነ ስውሩ፣ ምርኵዝ የያዙት አሮጊትና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ግን ወደ አስፋልቱ ይወርዳሉ። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን ስናስብ፣ አንዲት የሲሚንቶ ጉብታ ቀላል ነገር አይደለችም። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ባለ በር እንደ ወደደ ቢቆርጣቸው ስፋታቸው ብቻ ምን ይጠቅማል? የቦዩም ነገር እንዲሁ ነው። መኪና ለማሻገር ብሎ የጎርፍ መውረጃውን በድንጋይና በአፈር የሚደፍን ሰው፣ ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ውሃውን ወደ ጎረቤቱ ሳሎን ይልከዋል።

በአገራችን ሕግ ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገዶችና አውራ ጎዳናዎች የሕዝብ አገልግሎት ንብረት መሆናቸውን ይናገራል። ይኸው ሕግ በሌሎች መሬት የተከበበና መውጫ ያጣ ባለ ይዞታ በጎረቤቱ መሬት ላይ መተላለፊያ ለመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ብናነብባቸው፣ ማንም ሰው መውጫ ሊነፈገው አይገባም፤ የወጣበት ግን የሁሉም ነው ማለት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624ም ያለ ፈቃድ ግንባታ እንዳይጀመር ደነገገ። ከሁሉ አስቀድሞም በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ማንም እንዳይወድቅ መከታ እንዲያደርግለት ታዝዟል። ጣራው የባለ ቤቱ ሆኖ ሳለ፣ በእርሱ ምክንያት ለሚጎዳው ሰው ተጠያቂው ባለ ቤቱ መሆኑን የጥንቶቹ ሰዎች አስተውለውታል።

ይህን ስል ግን ደንቡ ዋጋ አያስከፍልም ማለቴ አይደለም። በከተማችን ብዙ ሰው የሚያውቀውን የ105 ካሬ ሜትር ቦታ እንውሰድ። በሩን 6 ሜትር ወደ ውስጥ አስገብቶ 3 ሜትር ተኩል ስፋት መግቢያ መተው 21 ካሬ ሜትር ይወስዳል። ይህ የቦታው አንድ አምስተኛ ነው። እርግጥ መሬቱ አይጠፋም፤ ከቁልፉ ውጭ ይሆናል እንጂ። ለደሃ ግን ከቁልፍ ውጭ መሆን ራሱ ጕዳት ነው። ስለዚህ ለትንሽ ቦታ የሚያሳይ ፍርግርግ፣ ተንሸራታች በርና ከመታጠፊያው የራቀ መውጫ ይበቁታል ብሎ መሐንዲሱ ሊፈርድለት ይገባል። ደንብ ያለ ሚዛን ከተሠራበት ሰውን ወደ ሥርቆሽ በር ይመራዋል።

የደንቡን ዋጋ ከአንድ ሽማግሌ ተምሬአለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰባተኛ ክፍል ያስተማሩኝ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያሉ መምህሬ ፕላን ይዘው መጡ። ቦታቸው በሁለት መንገዶች ማዕዘን ላይ ነው፤ አንደኛው ተማሪዎች የሚያልፉበት አስፋልት፣ ሁለተኛው በኮብልስቶን የተነጠፈ የሠፈር መንገድ ነው። ሴት ልጃቸው መኪና ስለ ገዛች በአስፋልቱ በኩል ከመታጠፊያው አጠገብ የመኪና በር ሊያወጡ ፈለጉ። መሐንዲሱ ፕላኑን መለሰው፤ በሩ በሠፈሩ መንገድ በኩል ይሁን አለ። ያንን ለእርሳቸው መንገር የእኔ ሥራ ሆነ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይህን ግቢ ያጠርሁት ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። በገዛ ግቢዬ በር የማወጣበትን ቦታ ሌላ ሰው ይመርጥልኝ?»

«ጋሼ፣ ግቢው የእርስዎ ነው» አልኋቸው፤ «በሩ የሚከፈትበት መንገድ ግን ተማሪዎች የሚያልፉበት ነው።»

ጥቂት ዝም አሉና፣ «በዚያ በኩል ምን እንዳለ ታውቃለህ? እትዬህ የተከለችው ኮክ አለ» አሉ። ባለቤታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኖአቸዋል። ቀጥለውም፣ «ደግሞስ ያ ማዶ ያለው መጋዘን በሩ ከመታጠፊያው ላይ አይደለምን? የጭነት መኪና ሲያስገባና ሲያስወጣ ይውላል። ለእርሱ ያልተነገረ ቃል ለእኔ ለምን ተነገረ?» ብለው ጠየቁኝ።

ለዚህ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። የመጋዘኑን ፋይል አውጥቼ ብመለከት፣ ለዚያ በር የተሰጠ ፈቃድ አልተገኘበትም። ይህንኑ ለአለቃዬ በጽሑፍ አመለከትሁ። መምህሬ ግን ተቀይመው ኖሮ፣ በሠፈር ለቅሶ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን በራስ ንቅናቄ ብቻ ይቀበሉኝ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ አዲስ ፕላን ይዘው ተመለሱ። በሩ በሠፈሩ መንገድ በኩል፣ ከማዕዘኑ ርቆ ተሥሏል። ወንበር ባቀርብላቸው አልተቀመጡም። «ኮኩን አስቆረጥሁት» አሉ። ከፈረሙ በኋላም ብዕሩን እየመለሱልኝ፣ «እንግዲህ ሌላውም ይቍረጥ» ብለው ወጡ። መጋዘኑ በሩን እንዲያዞር የታዘዘው ደብዳቤው ሲመላለስ ከርሞ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ሁሉ በዚያ መንገድ ባለፍሁ ቍጥር የመምህሬ ቃል ትዝ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ቃል የተረዳሁት ይህን ነው። የደጃፍ ደንብ ከባለ ቤቱ ጥቂት ወስዶ ለማያውቀው አላፊ አግዳሚ ይሰጣል። ይህ ፍትሕ የሚሆነው ከሁሉም እኩል ሲወሰድ ብቻ ነው። አንዱ ዛፉን ቆርጦ ሌላው በሩን እንደ ያዘ ከቀረ፣ ሕፃኑ ከአንዱ ደጃፍ ቢድን በሚቀጥለው ደጃፍ ይጎዳል፤ ሽማግሌውም የከፈለው ዋጋ ከንቱ ይሆንበታል። ሕግ አክባሪው ተጎጂ፣ ሕግ ጣሹ ተጠቃሚ የሆነበት ሠፈር ሁለተኛ ጊዜ ሕግ የሚያከብር አያገኝም።

ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች ሁለት ነገር ላሳስብ እወዳለሁ። አንደኛው፣ የመኪና በር ሊወጣበት የሚችለው ቦታ ለባለ ይዞታው በሚሰጠው ካርታ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ተመልክቶ ቢገኝ መልካም ነው። እናቶቻችን መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው እንደሚሉት፣ ግንቡ ከቆመ ወይም ዛፉ ካደገ በኋላ የሚመጣ ደንብ ምንም ትክክል ቢሆን ቅጣት ይመስላል። ሁለተኛው፣ የመንግሥት ግቢዎች በሮች ራሳቸው አስቀድመው ቢስተካከሉ፣ የሚያዝዘው ሰው አፉን ሞልቶ ለመናገር ይችላል።

መምህራንም ተማሪዎቻቸውን አንድ ቀን ሜትር አስይዘው ወደ ትምህርት ቤታቸው ደጃፍ ቢያወጧቸው፣ በሩ ከመታጠፊያው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የሚወጣው ነጂም ከስንት ሜትር ሰው ማየት እንደሚችል ራሳቸው ለክተው ያውቁታል። የሒሳቡም የግብረ ገቡም ትምህርት በአንድ ሰዓት ይፈጸማል። እነዚህ ተማሪዎች ነገ ቤት ሠሪዎች፣ መሐንዲሶችና እንደ እኔ የፋይል ጸሐፊዎች ይሆናሉና።

አዲስ ቤት ሲመረቅ ባለ ቤቱ እንግዶቹን ከክፍል ወደ ክፍል እያዞረ ማሳየት የቆየ ልማዳችን ነው። እንግዶቹም ያመሰግናሉ፤ ይመርቃሉም። ከእንግዲህ ወዲህ ባለ ቤቱ እንግዶቹን እስከ ደጃፍ አውጥቶ፣ ከግንቡ ጫፍ እስከ መንገዱ ያለውን ቢያሳያቸው እመኛለሁ። በዚያ የሚያልፈው ሰው ስሙ አይታወቅም፤ ለግብዣውም አልተጠራም። ነገር ግን ከተጠሩት ሁሉ ይልቅ በዚያ ቤት ደጅ በየቀኑ የሚመላለሰው እርሱ ነው።