«ለማየት የሚፈልጉት ምንድር ነው?»

የዓይን ሞራ የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ሞራ ሲባል ከላይ የተጋረደ፣ በመድኃኒት ሊገፈፍ የሚችል ነገር ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከዓይናችን ብሌን በስተኋላ ብርሃንን ሰብስቦ ወደ ዓይን ውስጠኛ ግድግዳ የሚያደርስ ጥርት ያለ ሌንስ አለ። ዕድሜ ሲገፋ፣ አንዳንድ ጊዜም በስኳር በሽታ ወይም በአደጋ ምክንያት፣ ይኸው ሌንስ ራሱ ይደፈርሳል። የደፈረሰው መስኮቱ ራሱ እንጂ በመስኮቱ ላይ የተሰቀለ መጋረጃ ስላልሆነ በጠብታም ሆነ በመነጽር አይጠራም፤ መድኃኒቱ ሌንሱን አውጥቶ በምትኩ ሌላ ማስገባት ነው። በ2005 እና በ2006 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፣ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነበር።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቤታችን የደረሰው ነው። አማቴ ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የዓይናቸውን ነገር ደብቀውን ኖሩ። ቡና ሲቀዱ የስኒውን አፍ በጣታቸው ይለኩ ነበር፤ እንግዳ ሲገባም ድምፁን እስኪሰሙ ድረስ ስሙን አይጠሩም ነበር። በመጨረሻ ከደረጃ ላይ ሲወድቁ ነገሩ ተገለጠና ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድናቸው።

ወጣቷ ሐኪም አስቀድማ የዓይናቸውን ግፊትና የኋላውን ክፍል መረመረች። ግላኮማ የነርቡን ሥር ጎድቶት ቢሆን አዲስ ሌንስ ብቻውን ብርሃን አይመልስምና። ከዚያም ወንበሯን ወደ እርሳቸው አስጠግታ፣ «እማማ፣ ይበልጥ ለማየት የሚፈልጉት ምንድር ነው? የቅርቡን ነው ወይስ የሩቁን?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ባለቤቴ ቀደም ብሎ፣ «ዳዊት ትደግማለች፤ የቅርቡ ይሁንላት» አለ። ሁላችንም ያሰብነው ይህንኑ ነበር።

«ዳዊቱንስ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ ይዤዋለሁ» አሉ አማቴ። «መጽሐፉን የምገልጠው ለክብሩ ነው። እኔን የቸገረኝ ሰው ነው። በበር የሚገባው ማን እንደ ሆነ ሳላውቅ ‹ግቡ› ማለት ሰለቸኝ። የልጅ ልጆቼንም ገና በር ላይ ሳሉ በፊታቸው ልለያቸው እፈልጋለሁ።»

ጥያቄው የሚጠየቅበት ምክንያት አለው። የተፈጥሮ ሌንስ በወጣትነት ጊዜ ቅርጹን እየለዋወጠ ሩቁንም ቅርቡንም ያሳያል፤ የሚተካው ሌንስ ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ርቀት የተወሰነ ነው። ለሩቅ ከተመረጠ ለንባብ መነጽር ያስፈልጋል፤ ለቅርብ ከተመረጠም ለሩቁ እንዲሁ። ሁለቱንም ርቀት የሚያሳይ ሌንስ አለ፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ሌሊት በመብራትና በጧፍ ዙሪያም የብርሃን ቀለበት ሊያሳይ ይችላል። ኪዳን ለማድረስ በጨለማ ለሚወጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኛም ተውነው።

የሌንሱ ኃይል የሚቆረጠው ለእያንዳንዱ ዓይን በተናጠል ነው። መሣሪያው የዓይንን ርዝመትና የፊተኛውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ የኮርኒያን፣ ጉብጠት ይለካል። የጎልማሳ ዓይን ርዝመት በአማካይ ከ23 እስከ 24 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በልኬቱ የአንድ ሚሊሜትር ስሕተት ቢገባ የመነጽሩ ቁጥር ወደ ሦስት ዳዮፕተር ያህል ይዛባል። በየመንገዱ መነጽር ደርድሮ የሚሸጠው ነጋዴ፣ «ይህኛው ካልሆነዎት ያንን ይሞክሩት» ይላል፤ በዓይን ውስጥ የገባ ሌንስ ግን እንዲህ እየተነሣ አይሞከርም።

ይህን ጥበብ የጀመረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን መስኮት ስባሪ በአብራሪዎች ዓይን ውስጥ ገብቶ ሲቀር ዓይኑ እንደ ባዕድ ነገር እንዳልተቆጣው አስተዋለና፣ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠርቶ በ1949 እ.ኤ.አ. ለንደን በሚገኘው በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬልማን ደግሞ በ1967 እ.ኤ.አ. የደፈረሰውን ሌንስ በድምፅ ሞገድ አድቅቆ የመምጠጥን ዘዴ አወጣ። የአማቴ ሌንስ ግን ቆይቶ ስለ ደነደነ፣ ሐኪሟ ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር በሚሆን ቀዳዳ በእጅ ማውጣቱን መረጠች። ቀዳዳው በራሱ የሚገጥም በመሆኑ ስፌት አላስፈለገውም። ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ሆነ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ጎንበስ ማለት፣ ከባድ ነገር ማንሣት፣ በዓይን ውኃ ማስገባት ለሳምንታት ተከለከለ። ስግደት እንዴት ይቅር? ጠብታውም በቀን ብዙ ጊዜ የሚደረግ ነበረና፣ አማቴ ምሬቱ ጉሮሯቸው ድረስ መድረሱን ቀምሰው፣ «ጾሜን ፈታሁ» ብለው አንድ ቀን ሙሉ ሳያደርጉት ዋሉ። ምሬቱ የሚሰማው ዓይንን ከአፍንጫ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ ስላለ ነው፤ ከጠብታው በኋላ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ጫን አድርጎ አንድ ሁለት ደቂቃ መቆየት ይቀንሰዋል። ይህን የነገረችን ሐኪሟ ናት። የቀረውን የፈቱት የነፍስ አባታቸው ናቸው፤ ስግደቱን እስኪድኑ እንዲተዉ፣ ጸበሉን እንዲጠጡ እንጂ ሐኪሟ እስክትፈቅድ ዓይናቸውን እንዳይረጩ፣ ጠብታውም መድኃኒት እንጂ መብል እንዳልሆነ ነገሯቸው። እኛ ሦስት ቀን ለምነን ያላገኘነውን እሺታ እርሳቸው በአንድ ንግግር አገኙ። ዓይኑ ቢታመም፣ ቢቀላ ወይም ማየት ቢቀንስ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መድረስ ግዴታ መሆኑን በቤት ያላችሁ ሁሉ ያዙልኝ።

ፋሻው በተፈታ ማግሥት አማቴ ጓዳውን ዞረው ተመለከቱና፣ «ይህ ቤት እንዲህ ጥላሸት ለብሶ ኖሯል?» አሉ። እኔም መልስ አልነበረኝም።

ሃያ ዓመት የሞላት ልጃችን የአያቷን መዳን አይታ እርሷም መነጽሯን በሌዘር ለመገላገል ተመኘች። የሌዘሩ ሥራ ሌላ ነው፤ ሌንሱን ሳይነካ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለውን ኮርኒያ እየሳሳ ቅርጹን ያስተካክላል፤ የሳሳውም ተመልሶ አይተካም። ስለዚህ ኮርኒያው በቂ ውፍረት ያለው፣ የመነጽሩም ቁጥር ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይለወጥ የቆየ መሆን አለበት። የልጃችን ቁጥር በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ተለውጧልና ሐኪሟ፣ «አሁን አይሆንም» ብላ መለሰቻት። ገንዘብ ሊቀበል የሚችል ሰው እንዲህ ሲል መስማት እምነት ያሳድራል። ልጅቱ ግን አኵርፋ ሰነበተች።

አሁን የቀረው የአማቴ ሁለተኛ ዓይን ነው። ሐኪሟ ያንኑ ጥያቄ ደግማ ብትጠይቃቸው፣ «ይችኛዋ ለቅርብ ብትሆንስ? ምስር ለመልቀም» አሏት። አንዱን ዓይን ለሩቅ፣ ሌላውን ለቅርብ ማድረግ ይቻላል፤ አንዳንዱ ሰው ይለምደዋል፣ አንዳንዱን ያዞረዋል። ስለዚህ ልዩነቱን የሚያስመስል መነጽር ተሰጥቷቸው ለሁለት ሳምንት እየሞከሩ ነው። ዛሬ ጠዋት ሰፌዱን ይዘው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጠጠሩን አንድ በአንድ እያወጡ ይቆጥራሉ።