ቀኑን የሳተው መሣሪያ

በመርሐ ቤቴ ቆላና ደጋ እየተመላለሰ መሬት ለሚለካ ሠራተኛ፥ በእጅ የሚያዘውና በተለምዶ ጂፒኤስ የምንለው የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ እንደ ዱላና እንደ ውሃ ኮዳ ከጎኑ የማይለይ ጓደኛ ነው። በጀማና በወንጪት ገደሎች ውስጥ ሰማዩ ሲጠብ መሣሪያው ጥቂት ያመነታል፤ ከገደሉ ወጥቶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን የቆምንበትን ስፍራ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ይነግረናል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው መሣሪያውን ለመንቀፍ አይደለም። የሚያሳዝነኝ በውስጡ ያለው ፕሮግራም አሳዳጊ አጥቶ መቅረቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳተላይቶቹ ዘመንን የሚቈጥሩት እንደ እኛ በዓመትና በወር ሳይሆን በሳምንት ነው። ቈጠራው ታኅሣሥ 27 ቀን 1972 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ነገር ግን ለሳምንቱ ቍጥር የተሰጠው ቦታ ጠባብ በመሆኑ፥ 1,024 ሳምንት በሞላ ጊዜ እንደ አሮጌ መኪና ኪሎ ሜትር ቈጣሪ ወደ ዜሮ ይመለሳል። መጀመሪያ በነሐሴ 1991፥ ሁለተኛም በመጋቢት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ተመለሰ። ስፍራን የማመልከት ችሎታው በዚህ አይጐዳም፤ ፕሮግራሙ ያልታረመለት አሮጌ መሣሪያ ግን ቀኑን ወደ 20 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሊስት ይችላል። ዕርማቱም ከሠሪው ፋብሪካ እንጂ ከእኛ እጅ የሚገኝ አይደለም።

በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ባላቸው የሞቱባቸውን የአንዲት እናት ማሳ ለካን። ወረቀቱ ከኮምፒዩተር ሲወጣ «1999» የሚል ዓመት ይዞ ወጣ። ይህ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ ሆኖም በእኛ ገጠር 1999 የሚል ቍጥር ያየ ሰው የራሱን ዘመን እንጂ የሌላውን አያስብም። ድንበርተኛቸው የሆኑት የባላቸው ወንድም ወረቀቱን አይተው፥ «በ1999 ዓ.ም. ይህን መሬት የማርሰው እኔ ነበርሁ፤ እንግዲያው ልኬታው የእኔ ነው» ሲሉ ተነሡ። ሴትዮዋም ከቢሮአችን መጥተው፥ «ልጄ፥ ባለፈው ወር አንተው ራስህ ዳር ዳሩን ዞረህ አልለካህምን? ወረቀቱ ምነው ካደኝ?» አሉኝ።

«እማማ፥ ማሳውን አልሳተም፤ የሳተው ቀኑን ብቻ ነው» ብላቸው ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ግን የማመን ዝምታ አልነበረም። ከሰማይ ጋር እየተነጋገረ የማሳን ጥግ የሚያውቅ መሣሪያ፥ ዕለቱ ምን እንደ ሆነ አያውቅም ብሎ ማስረዳት እንዴት ይቻላል? በመጨረሻ የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ በልኬታው ዕለት የነበሩትን ጎረቤቶች ጠርቶ ቃላቸውን ተቀበለ፤ ይዞታውም በሴትዮዋ ስም ጸና። ነገር ግን ክርክሩ እስኪያልቅ የሰኔ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ማሳውም ሳይደገም ሰነበተ።

ለመሣሪያው ሠሪዎች ጽፈን ነበር። መልሳቸው አጭር ነው፤ የዚህ ሞዴል ፕሮግራም ከእንግዲህ አይታደስም፥ አዲሱን ግዙ ይላል። ብረቱ ሳይዝግ፥ መስተዋቱ ሳይሰነጠቅ እንዴት ያለ እርጅና ነው? ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራምም ከአሮጌ ዊንዶውስ በቀር አይሠራምና፥ ለዚሁ ሲባል አንድ ያረጀ ኮምፒዩተር በቢሮአችን ጥግ እንደ ጡረተኛ ተቀምጧል። መብራት በጠፋ ቍጥር ዳግመኛ አይነሣ ይሆናል ብለን እንሠጋለን።

ሠሪዎቹን ግን በሁሉም ነገር አልወቅሳቸውም። የአገራችን አሮጌ ካርታዎች የተሠሩበትን፥ አዲንዳን የሚባለውን የልኬት መሠረት ከምርጫዎቹ መካከል አግብተውልናል፤ ይህ ባይሆን ከካርታው ጋር ከ200 ሜትር በላይ በተለያየን ነበር። 200 ሜትር ደግሞ በእኛ አገር ስንት ባለ ይዞታ የሚኖርበት ነው! በፊደላችን የቦታ ስም መጻፍ ግን በዚህ መሣሪያ አይቻልም፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ጠ» እና «ተ»፥ «ጨ» እና «ቸ» አንድ ይሆኑና የሁለት ጎጥ ስም ይደባለቃል።

አሁን በየልኬታው ዕለት ቀኑን በእኛ አቈጣጠር በእስክርቢቶ እንጽፋለን። ሦስት ጎረቤቶች ይፈርሙበታል፤ መጻፍ የማይችለው በአውራ ጣቱ ያትማል። አንዱ ቅጂ ለባለ ይዞታው ይሰጣል፤ ሌላው በመዝገብ ቤት ይቀመጣል።