በኮልፌ ቀራንዮ ስለ ሦስተኛው የስፒና እግር

የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር ከሚያበቃበት ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በኮልፌ ቀራንዮ መንደሮች የሚዘዋወር ሰው በዛሬው ጊዜ አንድ አዲስ ነገር ያያል። ጥቁር ገመድ ከግቢ በር ሥር ሾልኮ፣ ወይም ከፎቅ መስኮት ተንጠልጥሎ፣ ደጅ ከቆመች መኪና ጋር ተያይዟል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በርክተዋል። ታላቁ የህዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋልና፣ ከገዛ ወንዛችን በሚገኝ ኃይል መጓዝ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ኃይል ወደ መኪናይቱ ሲገባ የመጨረሻውን አንድ ክንድ የሚያልፈው በስፒናና በሶኬት ነው። ዛሬ ለቤተሰብ ልንናገር የወደድነው ስለዚህች አንድ ክንድ መንገድ ነው።

ብዙዎቹ መኪናዎች የተሠሩት በቻይና ነው። አብሯቸው የሚመጣው ገመድ ጫፉ ሦስት ጠፍጣፋ እግሮች አሉት፤ የቤታችን ሶኬት ግን ሁለት ክብ ቀዳዳ ያለው ነው። ስለዚህ ባለ መኪናው መቀየሪያ፣ ማለት አዳፕተር፣ ፍለጋ ይወጣል። ርካሹም መንገደኛ ስልኩን እንዲሞላበት የተሠራው ትንሹ አዳፕተር ነው።

በአየር ጤና አካባቢ ከአንድ የኤሌክትሪክ ጥገና ቤት ገብተን ነበር። ባለሙያው ወጣት፣ የቀለጡና የጠቆሩ አዳፕተሮችን በጠረጴዛው ላይ ደርድሮ አሳየን። «ጋሼ፣ ይህ አንድ ሌሊት ያደረ ነው» ብሎ አንዱን በእጃችን አኖረው፤ ሽታው ገና አልለቀቀም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገመዱ 10 አምፔር ቢስብ በ220 ቮልት 2,200 ዋት ይሆናል። የእንጀራ ምጣድ ከዚህ ይበልጥ ይስባል፤ እናቶቻችንም ምጣድ የራሱ ወፍራም ሽቦ እንደሚያስፈልገው ያውቃሉ። ምጣዱ ግን ጋግሮ ያርፋል፤ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ አያርፍም። የላላ መጋጠሚያ ግማሽ ኦም ያህል ቢቃወም፣ በ10 አምፔር 50 ዋት ሙቀት በዚያች ጠባብ ፕላስቲክ ውስጥ ይከማቻል። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ከእሳቱ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ከሦስቱ እግሮች አንዱ የምድር ሽቦ የሚገናኝበት ነው፤ የመኪናው ብረት ኮረንቲ ቢነካው ወደ መሬት የሚሸኘው እርሱ ነው። በቆዩት የኮልፌ ጭቃ ቤቶች፣ በተለይም በአንድ ቆጣሪ ብዙ ቤተሰብ በሚጠቀምበት ግቢ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሽቦ ብቻ ተዘርግቷል። በመኪናው ገመድ ላይ ያለችው የመቆጣጠሪያ ሣጥን የምድር ሽቦ ስታጣ ቀይ መብራት አብርታ አልሞላም ትላለች። ይህን ጊዜ አንዳንድ ሰው በአዳፕተሩ ውስጥ አጭር ሽቦ አስገብቶ የምድሩን እግር ከኒውትራሉ ጋር ያገናኘዋል፤ ሣጥኗም ተታልላ አረንጓዴ ታበራለች። እኛ ይህን ብልኀት ልንለው አንችልም። ክቡ ስፒና በሁለቱም አቅጣጫ ይሰካልና፣ አንድ ቀን ተገልብጦ ቢሰካ የምድሩ እግር ኃይል ካለው ሽቦ ጋር ይገናኛል፤ የመኪናውም ገላ 220 ቮልት ይሸከማል። በክረምት ጭቃ ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ መኪና የሚያጥብ ልጅ በሩን ቢነካ ምን እንደሚደርስበት መናገር አያስፈልግም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ስፒናውን ለሶኬቱ ከመለወጥ ሶኬቱን ለስፒናው መለወጥ ይሻላል። ከቆጣሪው አጠገብ ለብቻው የሚነሣ ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ በ30 ሚሊአምፔር ልዩነት የሚያቋርጥ መከላከያ፣ ወደ መሬት የተቀበረ የምድር ዘንግ፣ በግድግዳውም ላይ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ባለ 16 አምፔር ሶኬት ቢተከል አዳፕተር የሚባል ነገር አያሻም። ሥራው የሠለጠነ ባለሙያ ነው እንጂ የጎረቤት ልጅ አይደለም። ወጪው ቢከብድም ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው።

በመኪናው በኩል የሚገባው መሰኪያም ይለያያል፤ የቻይናው ጂቢቲ፣ የአውሮፓው ታይፕ ቱ ይባላል። ለቤት ኮረንቲ በፋብሪካ የተሠራ መቀየሪያ ይገኛል። ለፈጣኑ መሙያ ግን መኪናውና መሙያው የሚነጋገሩበት ቋንቋ የተለያየ ስለ ሆነ፣ በእጅ የተሠራ መቀየሪያ ፈጽሞ አይሞከርም።

ደግሞም መቸኮል የለብንም። ከቀራንዮ ፒያሳ ደርሶ የሚመለስ ሰው በቀን 30 ኪሎሜትር ቢሄድ የሚያጠፋው 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ይህም በ10 አምፔር ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይተካል። አምፔሩን ዝቅ ማድረግ የሚቻል ከሆነ ዝቅ ይደረግ። ከግማሽ ሰዓት በኋላም ስፒናው በመዳፍ ይዳሰስ፤ እጅ የማይችለው ሙቀት ካለ አስቀድሞ ብሬከሩ ይዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ስፒናው ይነቀል።