የእሑድ ሴቶች

ቤይሩት ውስጥ የኢትዮጵያ ሴቶች ድምፅ ጎላ ብሎ የሚሰማው እሑድ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየፎቁና በየማድ ቤቱ ተበታትነን እንውላለን። እሑድ መውጫ የተፈቀደላት ትወጣለች፤ ከማዳሟ፣ ከአሠሪዋ፣ ቤት ጠፍታ ውጭ የምትሠራዋም ትመጣለች፤ ዶራ በአማርኛና በኦሮምኛ ይሞላል። ዶራ በከተማዋ ምሥራቃዊ መውጫ ያለ የሚኒባሶች መነሻ ነው። በርበሬና ሽሮ፣ ነጠላ፣ የስልክ ካርድ፣ ገንዘብ መላኪያው፣ ፀጉር ቤቱ ሁሉም እዚያ አለ። ሠራተኛ መብት አላት ሲባል መጀመሪያ የሰማሁት እዚያ፣ ሹሩባ እየተሠራሁ ነው።

ከደሴ የወጣሁት በደላላ፣ በ2011 ነው (ዓመቶቹን የምጠራው እዚያ በለመድነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። መንግሥታችን ከ2008 ጀምሮ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሊባኖስ መሄድን ከልክሎ ነበር። ክልከላው መንገዱን አረዘመብን፣ የደላላውንም ዋጋ አስወደደብን እንጂ ያስቀረው ሰው አላየሁም። ቤይሩት ስደርስ ፓስፖርቴ ለአሠሪዬ ተሰጠ፤ ተመልሶ እጄ አልገባም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ ለአስመጪው ቢሮ ነው ተባልኩ። ከዚያ በኋላ በወር 150 ዶላር፤ እሱም አንዱ ወር ይመጣል፣ ሌላው ወር ይቀራል። በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ስለዚያ ቤት ብዙ መጻፍ እችል ነበር፤ ግን አልፈልግም። ስለ መከራችን ብዙዎች ጽፈዋል። ከመከራው በኋላ ምን እንዳደረግን የጻፈ ግን ጥቂት ነው።

የሊባኖስ የሥራ ሕግ የወጣው በ1946 ነው። ሰባተኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ ያደርጋቸዋል፤ የሥራ ሰዓት፣ የዕረፍት ቀን፣ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚባለው ሁሉ እኛን አይመለከትም። የእኛ ሕግ ከፋላ ነው። የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ኢቃማችን፣ በአንድ አሠሪ ስም ይታሰራል፤ ከቤቷ የወጣሽ ዕለት ሕገወጥ ነሽ። ብትመታሽም፣ ደመወዝሽን ብትከለክልሽም፣ በሩን ከፍተሽ የወጣሽው አንቺ ነሽና ተፈላጊዋ አንቺ ነሽ። ይህን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል፤ ስረዳው ግን ክፉ ማዳምና ደግ ማዳም እያልን የምናወራው ወሬ ሁሉ ቀለለብኝ። ደጊቱም ቤት ብትሆን ሕጉ ያው ነው።

ማርች 8 ቀን 2012፣ በሴቶች ቀን፣ ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። በቴሌቪዥኑ አንዲት ሐበሻ ሴት አየሁ። በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ አንድ ሰው እየጎተተ በግድ መኪና ውስጥ ሊያስገባት ይታገላል፤ እሷ አልገባም ትላለች። ካውያው እጄ ላይ እንዳለ ቀረሁ። ማዳሜ ጣቢያውን ቀየረችው። ሴትዮዋ ዓለም ደቻሳ እንደምትባልና የሁለት ልጆች እናት እንደሆነች የሰማሁት በኋላ ነው። ማርች 14 ቀን፣ በተወሰደችበት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ራሷን አጠፋች ተባለ። ሞቷን የነገረችኝ ከማዶ ፎቅ የምትሠራ የጎጃም ልጅ ናት። ልብስ እያሰጣን በረንዳ ለበረንዳ ነው የተነጋገርነው፤ ለማልቀስ እንኳ ጊዜ አልነበረንም። ያ ዓመት ሳያልቅ ሻንጣዬን ትቼ ከዚያ ቤት ወጣሁ።

ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራየን። በሰዓት እየተከፈለኝ ቤት አጸዳለሁ፤ ፍተሻ ባለበት አላልፍም፤ እሑድ ስብሰባ እሄዳለሁ። ወደ ስብሰባ የጎተተችኝ ከሁላችን የቆየችው፣ እትዬ የምንላት የጎንደር ሴት ናት። በሃያዎቹ ዕድሜዋ ሄዳ ፀጉሯ እዚያው ሸብቷል። አረብኛዋ የሀገሬውን ሰው ያስደነግጣል።

የስብሰባው የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ማን ወረቀት አላት? ኢቃማዋ ያልተቃጠለባት ካሜራ ፊት ትቆማለች፣ ሰልፍ ትመራለች፣ ቢሮ ትሄዳለች። ወረቀት የሌላት ትጽፋለች፣ ስልክ ትደውላለች፣ በየቤቱ የተቆለፈባቸውን እህቶች ታፈላልጋለች። ስለ መብት ትግል ሲወራ ፎቶ ላይ ያሉት ሴቶች ብቻ ይታያሉ፤ ከፎቶው ውጭ የነበሩት ይበዙ ነበር፤ የተሸከሙትም ሥራ ከባዱ ነበር። እትዬ ለአዲስ መጪዎች ሁሉ የምትሰጠው አንድ ደብተር ነበር። ደመወዝ የተከፈለሽበት ቀን፣ ስንት እንደሆነ፣ ያልተከፈለሽ ወር፣ የአሠሪሽ ሙሉ ስም፣ የሕንፃው ስም፣ ስንተኛ ፎቅ። «እንባሽን ማንም አይቀበልሽም፤ የተጻፈ ነገር ይዘሽ ነይ» ትል ነበር። በእነዚያ ደብተሮች ደመወዛቸውን ያስከፈሉ አሉ። ብዙዎቹ አላስከፈሉም፤ ቢሆንም የደረሰባቸውን በቀንና በገንዘብ ልክ ለማንም መናገር የሚችሉ ሴቶች ሆነው ወጡ።

ጋዜጠኞች ይመጡ ነበር፣ ተማሪዎችም፣ የውጭ ድርጅቶችም። አብዛኞቹ ቅን ሰዎች ናቸው፤ የብዙዎቻችንን ነገር ለዓለም ያሰሙት እነሱ ናቸው። ግን አንድ እሑድ አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ በተርታ አስቀምጣን ተራ በተራ ጠየቀችን፤ ተመትተሽ ታውቂያለሽ? ተደፍረሽስ? ምግብ ተከልክለሻል? «የለም» ያለችውን ታልፋታለች። እትዬ ጋ ስትደርስ እትዬ በአረብኛ፣ ረጋ ብላ፣ «ልጄ፣ ስለ አንቀጽ 7 ጠይቂኝ» አለቻት። ልጅቱ አላወቀችውም። እትዬ ሻይ ቀድታ አስቀመጠቻትና አስረዳቻት፤ ከፋላ እንዴት እንደሚሠራ፣ በ2011 የወጣው 189ኛው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ምን እንደሚል፣ ሊባኖስ ለምን እንዳላጸደቀችው። ልጅቱ መቅጃዋን ክፍት አድርጋ አምሽታ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ስጠየቅ ከራሴ ቁስል በፊት ሕጉን መናገር ጀመርኩ። አሁንም የማምነው ይህንኑ ነው። ቁስላችንን ብቻ የሚሰማ ሰው ያዝንልናል፤ የምንለውን የሚሰማ ግን አብሮን ይቆማል።

ጃንዋሪ 25 ቀን 2015 እሑድ ነበር። ፌናሶል በሚባለው የሊባኖስ የሠራተኞች ፌዴሬሽን ሥር የቤት ሠራተኞች ማኅበር ለመመሥረት በመቶዎች ሆነን ተሰበሰብን። ከፊሊፒንስ፣ ከስሪላንካ፣ ከባንግላዴሽ፣ ከኔፓል፣ ከካሜሩን የመጡ ነበሩ፤ ሊባኖሳውያንም ነበሩ። ለእኛ ለሐበሾች ቀኑ ከባድ ነበር። ልክ ከአምስት ዓመት በፊት በዚያው ቀን ከቤይሩት የተነሣው የአየር መንገዳችን አውሮፕላን ባሕር ውስጥ ወድቆ 90 ሰዎች አልቀዋል፤ ከነሱ መሀል ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ እህቶች ነበሩ። ስብሰባው ሳይጀመር ጥግ ይዘን ቆመን ጸለይን። አንዲት የስሪላንካ ሴት ምን እንደሆነ ጠይቃን ስንነግራት ጫማዋን አውልቃ አብራን ቆመች።

የሊባኖስ ሕግ የውጭ ሰው የማኅበር አባል ቢሆን አይከለክልም፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። የያኔው የሥራ ሚኒስትር ሰጅዓን ዓዚ ማኅበሩ ሕገወጥ ነው ብለው ዕውቅና ነፈጉት። እኛ ግን መሰብሰባችንን አልተውንም።

የሜይ ዴይ ሰልፍ የምናደርገው ለበዓሉ በቀረበው እሑድ ነው፤ በሌላ ቀን ማን ያስወጣናል? ከበሮ አለ፣ እልልታ አለ፤ መፈክሩ በአረብኛ ይነሣና በአማርኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በታጋሎግ ይመለሳል። ስንሄድ ቀና ብዬ ሕንፃዎቹን አያለሁ። በየበረንዳው መውጣት ያልተፈቀደላቸው ሴቶች ብቅ ይላሉ። አንዳንዷ ወዲያው ትመለሳለች፤ አንዳንዷ ሰው አየኝ አላየኝ ብላ እጇን ታውለበልባለች። አንድ ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቆመች ልጅ በአማርኛ «እኔንም ጥሩልኝ!» ብላ ጮኸች። ሰልፉ ቆመ። እትዬ የልጅቱን ስምና የአሠሪዋን ስም በጩኸት ጠየቀቻት፤ ልጅቱም በጩኸት መለሰች፤ እኔ ጻፍኩ። ሰዎች ከመኪናቸው ክላክስ ያደርጉብናል፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። በሦስተኛው ሳምንት ያቺን ልጅ በአንዲት ሊባኖሳዊት ጠበቃ ርዳታ አስወጣናት።

መናገር ዋጋ ነበረው። በ2016 መጨረሻ ሱጃና ራና የተባለች የኔፓል ሴት፣ በማኅበሩ ውስጥ በግንባር ቀደምነት የምትንቀሳቀስ፣ ተይዛ ከሀገር ተባረረች። ከዚያ በኋላ ለወራት ስብሰባችን ሳሳ። ፈርተን ነበር፤ የሚያስፈራ ነገር ነበርና።

በ2017 ራሳቸው በቤት ሠራተኝነት የኖሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። መሥራቿ ባንቺ ይመር ሊባኖስ ውስጥ ለዓመታት በሰው ቤት ሠርታለች። ስለ እኛ የሚሠሩ ድርጅቶች ነበሩ፤ ይህኛው ግን በአማርኛ ያስባል። የተቸገረች ሴት ስትደውል ስልኩን የምታነሣው መክተብ፣ ማለትም አስመጪ ቢሮ፣ ምን እንደሆነ፣ ኢቃማ ሲቃጠል ምን እንደሚከተል፣ እናት ወሎ ላይ ብር ስትጠብቅ ሌሊቱ እንዴት እንደሚያድር የምታውቅ ሴት ናት። ይህ ልዩነት ቀላል ሊመስል ይችላል፤ በሩ ተቆልፎባት በሹክሹክታ የምትደውል ሴት ግን አስተርጓሚ የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም።

2019 መጨረሻ ላይ የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ። ባንኮቹ ዶላር ከለከሉ፤ ደመወዝ በሊራ ይከፈለን ጀመር፤ ከዚያም ጨርሶ ቆመ። ኮሮናው ተጨመረበት። በጁን 2020 አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ሐዝሚየህ በሚገኘው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ጥለዋቸው መሄድ ጀመሩ። ምግብ ይዘን ሄድን። የእግረኛ መንገዱ ላይ ሻንጣቸውን ተንተርሰው የተኙ ልጆች ነበሩ፤ አንዷ የማድ ቤት ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ማንም ያለቀሰ አላየሁም። የሚጠይቁን «ስልክ አላችሁ?» ነበር፤ ቻርጅ የሌላት ከሌላዋ እየተቀባበለች ቤተሰቧን አናገረች። ካሜራዎቹ ሲመጡ ብዙዎቹ ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ጥቂቶቹ ግን ሆን ብለው ገለጡት፤ ስማቸውን፣ ሰፈራቸውን፣ የአሠሪያቸውን ስም፣ ያልተከፈላቸውን ወራት ቆመው ተናገሩ። እትዬ ከጎኔ ቆማ «እነዚህ ደብተር ሳይዙ ነው የመጡት፤ ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል» አለችኝ።

ኦገስት 4 ቀን፣ አመሻሽ ላይ፣ የቤይሩት ወደብ ፈነዳ። ክፍላችን ከወደቡ ብዙ አይርቅም። መስኮቱ ከነክፈፉ መጥቶ አልጋው ላይ ወደቀ፤ አልጋው ላይ ሰው ስላልነበረ እግዚአብሔርን አመሰገንን። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞቷል። በዚያች ሌሊት ስልክ የማትደውል ሐበሻ አልነበረችም። የመንግሥት ዝርዝር ሲወጣ ስደተኞችን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር፤ የእኛው ሴቶች በየሆስፒታሉ እየዞሩ በራሳቸው መዝገብ ያዙ። ቤት ለፈረሰባቸው ኪራይ፣ ለተራቡት ምግብ ማዳረስ የጀመሩት እነዚያው ሴቶች ናቸው፤ ለችግረኛ ሊባኖሳውያንም ጭምር አደሉ።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር አንድ ተስፋ መጣ። የሥራ ሚኒስቴሩ አዲስ ወጥ ውል አወጣ። በሳምንት 48 ሰዓት ሥራ፣ የዕረፍት ቀን፣ ፓስፖርትሽ በእጅሽ፣ ያለ አሠሪ ፈቃድ ውል የማፍረስ መብት። እትዬ አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስባን ከአረብኛው ወደ አማርኛ እየመለሰች ስታነብልን ዐይኗን አላነሣችም። በኦክቶበር አስመጪ ቢሮዎቹ ባቀረቡት አቤቱታ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ውሉን አገደው። የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ስብሰባ ነበረን። ማንም አልቀረችም።

ወደ ሀገሬ የተመለስኩት በ2021 ነው። እትዬ እዚያው አለች። በሴፕቴምበር 2024 ቦምብ መዝነብ ሲጀምር ብዙ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቤት ቆልፈውባቸው ሸሹ፤ በየትምህርት ቤቱ የተከፈቱት መጠለያዎችም ስደተኛ አንቀበልም ይሉ ነበር። አንድ ሌሊት ከደቡብ ቤይሩት አንዲት የማላውቃት ልጅ ደወለችልኝ፤ ስልኬን ከየት እንዳገኘች አልጠየቅኋትም። የሕንፃውን ስም፣ ፎቁን፣ በአቅራቢያዋ ያለውን ሱቅ ነገረችኝ። ለእትዬ ላክሁላት። በማግስቱ ማታ ልጅቱ የእኛ ሴቶች በተከራዩት ቤት ሆና መልሳ ደወለች። ስለ ራሷ ሁለት ቃል ብቻ ተናግራ አብረዋት ስላሉት ማውራት ጀመረች፤ የማን ደመወዝ ስንት ወር እንደቀረ፣ የማን ፓስፖርት የት እንዳለ፣ ማን ልጅ እንዳዘለች። ጻፊው አልኳት። «ጽፌዋለሁ እኮ፤ የሚቀበለኝ ቢሮ የትኛው እንደሆነ ነው የምፈልገው» አለችኝ።