የሰው ልጅ በአደራ

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለን ኢትዮጵያውያን ስለ ሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስናወራ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ልጁን በቀበቶ ገርፎ መምህሯ ሰንበሩን አይታ የደወለችበት አባት፣ ልጆቿን ቤት ቆልፋባቸው የሌሊት ሥራ ሄዳ ፖሊስ የጠበቃት እናት፤ ወሬው ከቡና ወደ ቡና ይዞራል። እኔና ባለቤቴ ከወላጆቹ ለጊዜው የተለየን ልጅ ለማሳደግ የአደራ ወላጅነት (ፎስተር) ፈቃድ ልናወጣ ነው ስንል የሰማነው የመጀመሪያው መልስ «ልጅ የሚነጥቁትን ሰዎች በገዛ እጃችሁ ቤታችሁ ልታስገቡ?» የሚል ነበር። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ «ስንት ይከፍላሉ?» ነው።

የገንዘቡን ነገር በቶሎ ልጨርሰው። ለልጁ ምግብ፣ ልብስና ለሌላውም ወጪው በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል፤ ሕክምናው በሜዲኬይድ ይሸፈናል። የፌዴራሉ የግብር ሕግም ይህን ብር እንደ ገቢ አይቆጥረውም፣ ደመወዝ አይደለምና። ትርፍ አስቦ የሚገባ ሰው ገና ጫማና ጃኬት ሲገዛ ይገባዋል።

ነገሩ የሚጀምረው በአሻራ ነው። በ2006 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት አመልካቹ በኤፍ.ቢ.አይ. መዝገብ ይጣራል፤ በቤቱ የሚኖር አዋቂ ሁሉ ደግሞ ባለፉት አምስት ዓመታት በኖረባቸው ስቴቶች የሕፃናት ጥቃት መዝገብ ውስጥ ስሙ ይፈለጋል። እዚህ ሜሪላንድ አሻራውም ለቤቱ አዋቂዎች በሙሉ ነው። እኛ ደግሞ እንደ ብዙ ሐበሻ ቤዝመንታችንን አከራይተናል። ተከራያችን የአሳይለም ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ልጅ ነው። «እትዬ፣ ይሄ ነገር ፋይሌን አይነካብኝም?» ብሎ ጠየቀኝ። በመልሴ ብቻ እንዲረጋጋ አልፈለግሁም፤ ጠበቃውን ጠይቆ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ሄዶ አሻራውን ሰጠ። ለማያውቀው ሕፃን ሲል ያንን ማድረጉን ሁልጊዜ አነሳዋለሁ።

ከዚያ ቤቱ ይታያል። የጭስ ማስጠንቀቂያው ይሠራል ወይ፣ መድኃኒቱ ተቆልፏል ወይ፣ በረኪናው የት ነው የሚቀመጠው? ልጁ የራሱ አልጋ ሊኖረው ግድ ነው፤ ሲያለቅስ አቅፎ አጠገብ ማስተኛት የለም። እኔ ከእናቴና ከአክስቴ መሃል ተኝቼ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ከሕጎቹ ሁሉ ለመልመድ የከበደኝ ይሄኛው ነው።

ፕራይድ የሚባለው ሥልጠና 27 ሰዓት ነው፣ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ የምንከታተለው። በክፍሉ ከእኛ ሌላ ሐበሻ አልነበረም። የቅጣት ትምህርት የተሰጠበትን ምሽት አልረሳውም። አሠልጣኟ እያንዳንዳችን በልጅነታችን እንዴት እንደተቀጣን እንድንናገር ጠየቀች። እኔ በርበሬ መታጠንን ነገርኳቸው፣ ክፍሉ ጸጥ አለ። በአደራ የተሰጠን ልጅ መምታት ክልክል ነው፤ ኩርኩምም፣ ቁንጥጫም። ከልጆቹ አንዳንዶቹ የሚመጡት እጅ ሲነሳ ገና ሳያርፍባቸው ከሚሸማቀቁበት ቤት ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ «ልጅ ያለ ዱላ አያድግም» ከሚለኝ ሰው ጋር ክርክር አልገጥምም፣ ያንን መሸማቀቅ ብቻ እነግረዋለሁ።

ለእኛ ሰው ከአሻራውም ከሥልጠናውም የሚብሰው ግን የቤት ጥናት የሚሉት ነው። ሶሻል ወርከሯ እየተመላለሰች ለየብቻም አብረንም አነጋገረችን። እንዴት እንደተጋባን፣ በምን እንደምንጣላ፣ ስንጣላ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ከቤተሰባችን ማን እንደሞተብንና እንዴት እንዳለቀስን። ገመናን ለባዳ መዘርዘር በደማችንም በባህላችንም የለም። ባለቤቴ ብዙ ሰዓት በአንድ ቃል ሲመልስ ቆየ። ስለ ልጅነቱ ስትጠይቀው ግን ለእኔም ነግሮኝ የማያውቀውን አወራ። ከገጠር ደሴ አክስቱ ዘንድ ለትምህርት የተላከ ልጅ ነበር። አክስቱ አብልታ አልብሳ፣ ከልጆቿ ሳትለይ ነው ያሳደገችው። እርሱ ግን የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ገበያተኛው የሚገባበት መንገድ ዳር ቆሞ እናቱን ከሰዉ መሃል ይፈልግ ነበር። ሶሻል ወርከሯ መጻፏን አቆመች። እኔም የሚመጣው ልጅ ምን ይዞ እንደሚመጣ ያን ቀን ተረዳሁ።

የሰው ልጅ ማሳደግ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የዘመድ፣ የጎረቤት፣ የሟች ወንድም ልጅ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። እዚህ እንግዳ የሚሆንብን እናትየው በዕቅዱ ውስጥ መኖሯ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ጉዳዩ ቢያንስ በየስድስት ወሩ እንዲታይ፣ በ1997 የወጣው ደግሞ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ልጁ በቋሚነት የት እንደሚኖር የሚወሰንበት ችሎት እንዲሰየም ያዛል። ልጁ ከ22 ወር ውስጥ 15ቱን በአደራ ካሳለፈ፣ ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ መንግሥት የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ ይጠይቃል። እስከዚያ ድረስ ግን የአብዛኛው ልጅ የመጀመሪያ ዕቅድ ወደ ቤቱ መመለስ ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን ሆና በስልክ «አሳድገሽ ለእናቱ ልትመልሺ?» ስትለኝ «አዎ እማዬ» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እናቱስ ማን አላት?» አለች። ከዚያ ወዲህ የምትጠይቀኝ ስለ እናትየው ነው።

የመጣውን ልጅ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ለምን እንደመጣ አልጽፍም፤ ፎቶውንም ለማንም አላሳይም፤ ይህ የእርሱ ምስጢር ነው። የእኛ አገር ልጅ እንዳልሆነ ግን ልናገር። በገባበት ማታ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሶሻል ወርከሯ ከእናቱ ጋር በስልክ አገናኘችኝ። በሥልጠናው የመከሩን ነው፣ የመጀመሪያው ምሽት ሳያልፍ እናትን ማነጋገር። ሰላምታ ሰጥቼ ምን እንደሚበላና እንዴት እንደሚተኛ ጠየቅኋት። እስክትመልስ ብዙ ቆየች። ካልሲውን ካወለቁበት እንቅልፍ እንደማይወስደው፣ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት መጥፋት እንደሌለበት፣ ሽሮፑ ፓንኬኩ ላይ ከፈሰሰ እንደማይነካው፣ ለብቻው በትንሽ ዕቃ መቅረብ እንዳለበት ነገረችኝ። እኔ በደረሰኝ ወረቀት ጀርባ ጻፍኩ። ወረቀቱ ላይ የክትባቱ ዝርዝር፣ የትምህርት ቤቱ አድራሻ፣ የመዝገብ ቁጥሩ ሁሉ ነበር፤ ስለ ካልሲው አንድም ቃል አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያን ያሉ ወዳጆቻችን «ለምን አታስጠምቁትም?» ይሉናል። የሃይማኖቱ ጉዳይ የወላጁ ነው። እሑድ ይዘነው የምንሄደው እናቱ ስለፈቀደች ብቻ ነው፣ ባትፈቅድ ኖሮ አንዳችን ቤት እንቀር ነበር። በሁዳዴም እኛ ሽሮአችንን እየበላን ለእርሱ ዶሮ ጠብሻለሁ። የትምህርት ቤት ጉዞንና ኳስን የመሰለ የዕለት ተዕለት ነገር ግን በ2014 የወጣ ሕግ ለአሳዳጊው ትቶታል፤ ድሮ ለእንደዚህ ያለው ሁሉ ፈቃድ ሲጠየቅ ልጁ ከጓደኞቹ ተለይቶ ይቀር ነበር።

ከእኛ አካባቢ የመጡ ልጆችም በዚህ መንገድ ያልፋሉ። ያለ ወላጅ ለተሰደዱ ልጆች የተቋቋመው የፌዴራል ፕሮግራም በ1980 ገደማ ሲጀመር በአብዛኛው ለደቡብ ምሥራቅ እስያ ልጆች ነበር፤ በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉ የስደተኛ ካምፖች ብዙ ኤርትራውያን ልጆች ገብተውበታል፣ ሚሺጋን ድረስ ሄደው። የተቀበሏቸውን ቤተሰቦች አመሰግናለሁ። እዚሁ አጠገባችን የሐበሻ ልጅ ከቤቱ ለጊዜው ሲወጣ ግን መጀመሪያ የሚፈለገው ዘመድ ነው፤ ዘመድ ከሌለ ፈቃድ ያለው ቤት ነው የሚጠራው። መሥሪያ ቤቱን ከሩቅ ስለፈራነው ያ ልጅ ወደዚያ መግባቱ አይቀርም። የሚቀረው አማርኛ የሚሰማ ሰው በሩን መክፈቱ ነው።

ልጁ አሁን እናቱ ዘንድ ነው። የሄደ ቀን እኔ አለቀስኩ፣ ባለቤቴ እራቱን ሳይቀምስ ተኛ። ቅዳሜ ሥራ ሲኖራት እኛ ጋ ትተወዋለች፤ ማንም አላዘዛትም፣ ራሷ ናት የጠየቀችው። በዚህ ወር ፈቃዳችን እንደገና ይታያል፣ የምንቀበለውን ልጅ የዕድሜ ክልልም መሙላት አለብን። ባለቤቴ ሁለታችንም በፈረቃ ስለምንሠራ ትምህርት ቤት የደረሰ ይሁን ይላል። እኔ የቀን ፈረቃ ብቻ እንዲሰጡኝ አለቃዬን ጠይቄያለሁ፤ ከፈቀደችልኝ ከዜሮ ብለን እንጽፋለን።