ቅበረኝ

በአማርኛ ወላጅ ለልጁ ከሚናገራቸው የፍቅር ቃላት ሁሉ እንደ «ቅበረኝ» የሚያስደንቀኝ የለም። እናት ሕፃኗን ታቅፋ፣ ጉንጩን እየሳመች፣ «ቅበረኝ የኔ ልጅ» ትለዋለች። ቋንቋችንን ለማያውቅ ባዕድ ብንተረጉምለት ይደነግጣል፤ ገና ጥርስ ላላበቀለ ሕፃን ስለ መቃብር ይወራልን? እኛ ግን አንደነግጥም። ቃሉ ስለ ሞት ቢመስልም ስለ ቅደም ተከተል መሆኑን እናውቃለን። እናቲቱ «አልሙት» አላለችም፤ «አትቅደመኝ» ነው ያለችው።

ይህን ቃል ያስታወሰኝ በቅርቡ በሥራ ቦታዬ የገጠመኝ ነገር ነው። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ከመስኮቴ ፊት ለፊት ቀኑን ሙሉ ሰው ይሰለፋል። አንድ ቀን ጧት፣ ዕድሜያቸው ከዘጠና የማያንስ አዛውንት ጡረታቸውን ሊቀበሉ በከዘራቸው ተደግፈው መጡ። እንደ ልማዳቸው ቀለዱ፤ «ልጄ፣ ዘንድሮም አለሁ። ሞት ቤቴ ጠፍቶበታል መሰለኝ» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከኋላቸው የተሰለፈችው ጥቁር የለበሰች ወጣት ግን አልሳቀችም። ተራዋ ሲደርስ ከፍርድ ቤት ያወጣችውን የወራሽነት ማስረጃ በመስኮቱ ሥር አሳለፈችልኝ። የባሏን ሂሳብ ልታዘጋ ነበር የመጣችው። የሟቹን መዝገብ ስከፍት የትውልድ ዘመኑን አየሁ። የእኔው ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት።

ባንክ ቤት ውስጥ ተራ የተከበረ ነገር ነው። አንድ ሰው ተራ ጥሶ ወደ መስኮት ቢጠጋ የተሰለፈው ሁሉ ይጮኽበታል፤ ጥበቃው ይመልሰዋል። ያን ወጣት ግን ሞት ከሰልፉ መካከል መዝዞ ሲወስደው ማን ጮኸ? «ቀኑ ደርሶ ነው» ብለው አልቅሰው ሳይቀብሩት አይቀሩም። እኔም በአባቴ ጊዜ የሰማሁት ይህንኑ ነውና።

እነሆ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። የሰው ልጅ እርጅናን፣ በሽታንና ሞትን ድል ለመንሳት መታገል ይገባዋልን? ወይስ ይህ ከአፈር የተበጀ ፍጡር ድፍረት ነው? ጥያቄው የዛሬ አይደለም። በግዕዝ በተጻፈው የእስክንድር ታሪክ ውስጥ ንጉሡ የሕይወትን ውኃ ይፈልጋል። ማቱሳላ 969 ዓመት እንደ ኖረ በኦሪት ተጽፏል፤ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም 562 ዓመት እንደ ኖሩ ገድላቸው ይናገራል። አባቶቻችን ረጅም ዕድሜን እንደ ኃጢአት አልቆጠሩትም፤ በየምርቃታቸው «ዕድሜ ይስጥህ» ሲሉ የኖሩት እኮ እነርሱ ናቸው።

በወጣትነቴ ግን እኔ ከሞት ወገን ነበርሁ። ግጥም የሚሞክር ወጣት ሁሉ በዚህ በር ያልፋል መሰለኝ። አበባ የሚያምረው ስለሚረግፍ ነው፣ ሞት ባይኖር ፍቅር ዋጋ ባጣ ነበር እያልሁ ሞትን በስንኝ አወድስ ነበር። ሞትን በቅርብ አላየሁትም ነበርና ማወደስ አልከበደኝም።

በ2000 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አባቴ ሞተ። አምሳ አንድ ዓመቱ ነበር። አንድ ምሽት «ራሴን ፈለጠኝ» ብሎ ከእራት ተነሣ፤ ጋደም አለ፤ ሌሊቱ ሳይጋመስ አለፈ። ሐኪም ቤት ያደረሱት ሰዎች የደም ግፊት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም አፍስሶ መሆኑን ሰምተው ተመለሱ። አባቴ በሕይወቱ አንድም ቀን ግፊቱን ተለክቶ አያውቅም። ጤነኛ ነበርና ለምን ይለካል? በድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎች «ቀኑ ደርሶ ነው፤ ፈጣሪ የወደደውን አደረገ» እያሉ አጽናኑን። ከሁሉም ይልቅ በጆሮዬ የቀረው ግን የአያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ድምፅ ነው። ደረቷን እየደቃች «ቅበረኝ ብዬ ያሳደግሁትን ቀበርሁት!» ትል ነበር። ያን ቀን ሞትን ያወደስሁባቸው ግጥሞች ሁሉ አሳፈሩኝ። ቀድጄም ጣልኋቸው።

ከዓመታት በኋላ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እንዴት እንደ ሞቱ አነበብሁ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1945፣ በ63 ዓመታቸው፣ ራሴን በብርቱ አመመኝ ብለው ተዝለፈለፉ፤ በዚያው አረፉ። ሐኪማቸው የለካው የደም ግፊት ከ300 በላይ ነበር። የዓለምን ትልቁን ጦር የሚያዝዝ ሰው ሐኪም ከአጠገቡ ሳይለየው እንደ አባቴ ሞተ፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን ለደም ግፊት ይህ ነው የሚባል መድኃኒት አልነበረም። ክሎሮታያዛይድ የተባለው የመጀመሪያው ምቹ ክኒን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ያኔ አባቴ ገና አፉን አልፈታም ነበር። እንግዲህ ለሩዝቬልት ያልደረሰው መድኃኒት አባቴን አምሳ ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው ኖሯል ማለት ነው። የጎደለው ያንን የመለኪያ ጨርቅ በክንዱ ላይ የሚጠቀልል ሰው ብቻ ነበር። «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ቃል እንደ ማጽናኛ ክቡር ነው፤ ያጽናኑንን ሰዎች ዛሬም አመሰግናለሁ። እንደ ምክንያት ከወሰድነው ግን ሌላውንም አባት ያስበላናል።

አያቴ ይህን ከእኔ በላይ ታውቅ ነበር። ፊቷ በፈንጣጣ ጠባሳ የተዠጎረጎረ ነበር። በሰባት ዓመቷ ይዟት እርሷ ስትተርፍ ሁለት ወንድሞቿ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሞተዋል። «በእኛ ጊዜ ልጅ የሚቆጠረው ፈንጣጣ ካለፈው በኋላ ነው» ትለኝ ነበር። ለዚያ ዘመን ሰው ፈንጣጣም እንደ ክረምትና በጋ የማይቀር ነገር ነበር፤ የፈጣሪ ቁጣ ነው የሚሉም ነበሩ። የሆነው ግን እንዲህ ነው። በ1963 ዓ.ም. የማጥፋቱ ዘመቻ በኢትዮጵያ ተጀመረ። ከታቢዎች በእግር፣ በበቅሎ፣ ኋላም በሄሊኮፕተር ከተራራ ተራራ ዞሩ። በሀገራችን የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ የተያዘው የመጨረሻ ሰው ደግሞ በጎረቤታችን በሶማሊያ፣ መርካ በተባለች ከተማ የሆስፒታል ወጥ ቤት የነበረ ወጣት ነው፤ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ታመመ፤ ዳነም። በ1972 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። በዚያው ምዕት ዓመት ብቻ ሦስት መቶ ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ፈጀ የሚገመተው ደዌ በቃ፣ አለቀ። አያቴ የልጅ ልጆቿን ፊት በመዳፏ እየዳበሰች «ልስልስ!» ትል ነበር፤ ከዚህ የበለጠ የምስክር ወረቀት አላየሁም።

ቋንቋችንም የሚነግረን አለ። ክትባትና ክታብ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም «ከተበ» ማለት ጻፈ ከሚለው ይወጣሉ። አባቶቻችን በሽታን ለማባረር በብራና ጽፈው በአንገታቸው አሰሩ፤ ከዚያም አልፈው ከፈንጣጣ ታማሚ ቁስል እየወሰዱ ጤነኛውን ይከትቡ እንደነበር ያዩአቸው የውጭ ተጓዦች መዝግበዋል። ጸበል የጠጣ፣ ሥር የማሰ፣ ክታብ ያነገተ ሕዝብ በሽታን እጁን አጣጥፎ ተቀበለ ሊባል አይችልም። ትግሉን ከአባቶቻችን ወረስነው እንጂ ከባዕድ አልተማርነውም።

በሽታን መታገል እንግዲህ አያከራክረኝም። እርጅናስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይረቅቃል። ቤንጃሚን ጎምፐርዝ የሚባል እንግሊዛዊ የኢንሹራንስ ሂሳብ አዋቂ እ.ኤ.አ. በ1825 አንድ ሕግ አሳተመ፤ ሰው ከጎለመሰ በኋላ የመሞት ዕድሉ በየጊዜው በእጥፍ ያድጋል። የኋላ ሰዎች ስሌቱን በየስምንት ዓመቱ ገደማ ብለውታል። ለባንክ ሠራተኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ የወለድ ወለድ ነው። እርጅና ማለት ማንም ሳይፈርምበት የተበደረው፣ በየቀኑ ወለዱ የሚደመርበት ዕዳ ነው።

ሆኖም ከዚህ ሕግ ያፈነገጠ አንድ ፍጡር በገዛ ምድራችን አለ። ፀጉር አልባው ፍልፈል ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ደረቅ አፈር ሥር ይኖራል፤ ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ከሀገራችን በተገኘ ናሙና እ.ኤ.አ. በ1842 ለሳይንስ አስተዋወቀው። የተጨማደደ፣ ጥርሱ ያገጠጠ፣ ለዓይን የማይማርክ ነው። ነገር ግን በመጠን የምትተካከለው አይጥ ሦስት አራት ዓመት ስትኖር እርሱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሮሼል ቡፈንስታይንና ባልደረቦቿ ከሦስት ሺህ በላይ የሚሆኑ ፍልፈሎችን መዝገብ መርምረው፣ የዚህ እንስሳ የመሞት ዕድል እንደ እኛ ከዕድሜው ጋር እንደማይጨምር ጻፉ። ይሞታል፤ ግን ወለድ አይከፍልም። ተፈጥሮ ራሷ ለአንዱ ፍጡሯ ይህን ከፈቀደች፣ ምሥጢሩን የሚጠይቅ ሰው ደፋር ይባላልን?

የሚቃወሙ ወዳጆች አሉኝ። ረጅም ዕድሜ ይሰለቻል ይላሉ። ለእነዚህ የምመልሰው በተረት ነው፤ የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም። በ1982 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ የሚወለድ ሕፃን አማካይ የዕድሜ ተስፋው አምሳ አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከስድሳ አምስት አልፏል። እነዚያ የተጨመሩ ዓመታት ሰለቹኝ ያለ ሰው ከመስኮቴ ፊት ቆሞ አላየሁም። ሌላው ተቃውሞ ግን እንቅልፍ ይነሣኛል። የእርጅና መድኃኒት ቢገኝ የሚገዛው ማን ነው? የደም ግፊት ክኒን አምሳ ዓመት ሙሉ አባቴ ጋ ካልደረሰ፣ ያ መድኃኒት ስንት ዓመት ሊፈጅ ነው? ባለ ገንዘቡ ሁለት መቶ ዓመት ኖሮ የድሃው ልጅ በአምስት ዓመቱ ቢቀጭ፣ ያ ሞትን ድል መንሳት አይባልም። ትልቁ የተራ ጥሰት እርሱ ነው።

አያቴን አንድ ጊዜ ጠይቄያት ነበር። ሰማንያ አልፏት፣ ዓይኗ ደክሞ፣ ከደጅ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። «እማማ፣ ሰው እንዳይሞት የሚያደርግ መድኃኒት ተገኘ ቢሉሽ ትውጪዋለሽ?» አልኋት። ትስቃለች ብዬ ነበር። ብዙ ዝም አለች። ከዚያም፣ «ያኔ የት ነበረ?» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። በሰማንያ ስምንት ዓመቷ፣ ዕድሜ ጠግባ፣ እኔና ዘመዶቼ ቀበርናት። አለቀስን፤ ነገር ግን በአባቴ ቀን እንዳለቀስነው አልነበረም። ሁለቱም ሞት ይባላሉ፤ እኔ ግን በአንድ ስም መጠራታቸው ይደንቀኛል።

የእኔ መልስ እንግዲህ ከአያቴ ጥያቄ አይርቅም። ሞት ፈጽሞ ይቅር ወይስ አይቅር የሚለውን ከሰልፉ ፊት የደረሱት፣ ጠግበው የቆሙት ይወስኑት። የእኛ ግዳጅ ከዚያ ይቀድማል፤ ሞት ተራውን እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ልጅ በወላጁ ፊት እንዳይሞት፣ አባት ልጆቹን ሳያሳድግ እንዳይጠራ፣ የታወቀው መድኃኒት ላልታወቀው ሰው እንዲደርስ መታገል። ይህን ትግል ፈጣሪን መዳፈር ነው የሚለኝ ካለ፣ ድንኳን ውስጥ ልጇን ቀብራ የተቀመጠችን እናት ዓይን እያየ ይንገረኝ።

ያን ቀን ማታ ቤት ስገባ የአራት ዓመቷ ልጄ አልተኛችም ነበር። አቀፍኋት። ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ ሳላስበው «ቅበሪኝ የኔ እናት» አልሁ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ቆም ብዬ አሰብሁት። እስከዚያ ቀን ልመና ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ውልም ኖሯል። «ቅበሪኝ» ያለ አባት ልጁ አድጋ እስክትቀብረው ድረስ የመኖር ዕዳ አለበት።

በማግሥቱ ጧት ሥራ ከመግባቴ በፊት ከሰፈራችን ጤና ጣቢያ ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ ክንዴን ዘርግቼ ግፊቴን ተለካሁ።