የልብን ፈቃድ ስለ መለየት

ሰው የሚሻውን ሳያውቅ ብዙ ዘመን ሊኖር ይችላል። እኛም እንዲሁ ኖረናል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ጨርሰን በመዝገብ ቤት ሥራ ከገባን ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆኖናል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ምኞታችንን የጠየቀን ቢኖር፥ መልሳችን «የክፍል ኃላፊነት» የሚል ነበር። ይህንንም የተመኘነው ባልንጀሮቻችን ሲመኙት ስላየን ነው እንጂ ልባችንን መርምረን አልነበረም።

አምና ያ ቦታ ተከፍቶ ተወዳደርን፤ ለሌላ ተሰጠ። በዚያው ወራት፥ ማታ ማታ ለሠፈራችን ጐልማሶችና እናቶች ፊደል እናስተምርበት የነበረው ክፍል ለዕቃ ማስቀመጫ ስለ ተፈለገ ትምህርቱ ቆመ። ከዕለታት አንድ ቀን ባለቤታችን ቡና እያፈላች፥ «ሹመቱ ለሌላ ሲሰጥ ሁለት ቀን አኮረፍህ፤ ትምህርቱ ከቆመ ግን ይኸው ወር ሙሉ እህል በቅጡ አልቀመስህም» አለችን። የምንመልሰው አጣን።

እውነትዋን ነበር። ሰው ምኞቱን ሲናገር ራሱን ሊያታልል ይችላል፤ ስላጣው ነገር ሲያዝን ግን ማታለል አይሆንለትም። ስለዚህ የልቡን ፈቃድ ለማወቅ የሚሻ ሰው፥ ምኞቱን ከመቍጠር ይልቅ ኀዘኑን ቢመዝን ይሻለዋል።

ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ነገር ግን ዝንባሌያቸው ወደ ሥዕል ስለ ነበረ፥ በለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለቀለም የመስተዋት ሥዕል የዚያ ውሳኔ ፍሬ ነው። እኛ ራሳችንን ከእርሳቸው ጋር ለማስተካከል አንደፍርም፤ ዳሩ ግን የተጀመረን መንገድ መለወጥ ነውር አለመሆኑን ከታሪካቸው ተረድተናል።

ዘንድሮ በማታው ክፍለ ጊዜ ለመምህርነት ሥልጠና ተመዝግበናል። ሥራ ስንለውጥ ደመወዛችን ሊቀንስ እንደሚችል እናውቃለን፤ ሁለት ልጆችም አሉን። ስለዚህ ፍርሃቱ ፈጽሞ አልለቀቀንም። ልብን ማወቅ ፍርሃትን አያስወግድም፤ ስለ ምን እንደምንፈራ ያስታውቀናል እንጂ።

በቅርቡ ከቀድሞ ተማሪዎቻችን አንዲት እናት በመንገድ አግኝተውን፥ «ልጄ፥ በእድሩ መዝገብ ላይ በጣቴ መፈረም ትቼ ስሜን ጻፍሁ» አሉን። ያን ዕለት ወደ ቤታችን የገባነው፥ የሹመት ደብዳቤ ቢደርሰን ኖሮ ከምንደሰተው ይልቅ ተደስተን ነው።